አንድ ሙያ አጥብቆ መያዝ ወይስ ሁለት ሦስት መጨመር? የ25 መልሶች ክር

የኢንተርኔት ውይይቱን ክር የከፈተው ሰው የመጣው አቋም ይዞ እንጂ ሊጠይቅ አይደለም። ሐሳቡ ባጭሩ ይህ ነው፦ በሳምንት 10 ሰዓት ለመማር የሚተርፈው በያጅ ጊዜውን ለብየዳ፣ ለኤሌክትሪክና ለቶርኖ (ብረትን እያዞሩ በማሽን ለመቁረጥ) ቢያካፍል ለእያንዳንዱ የሚደርሰው 3 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ብቻ ነው። በዚህ አካሄድ ከራስ በላይ ያለ ቧንቧ በእምነት ለመበየድ እስኪበቃ ዓመታት ያልቃሉ፤ ኤሌክትሪኩም ቶርኖውም ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራሉ፤ ሰውየውም ከሁለት ያጣ ጎመን ይሆናል። ምክር እንደማይፈልግ፣ ከሥራው ውስጥ ማስረጃ ያለው ብቻ እንዲመልስለትም አሳስቧል። ማሳሰቢያው ክሩን ጠቀመው፤ አብዛኞቹ መላሾች ቁጥር ይዘው ነው የመጡት።

1ኛው መልስ ትሕትና የሞላበት ድጋፍ ነው። አዳም ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1776 የጻፈውን የስፒል ሥራ አነሳ፦ ሥራው ወደ 18 ያህል ክፍሎች ተከፋፍሎ 10 ሰዎች በቀን ከ48,000 በላይ ስፒል ያወጣሉ፤ ለእያንዳንዱ ሲካፈል 4,800 መሆኑ ነው። ሙያውን ያልለመደ ሰው ሁሉንም ብቻውን ልሥራ ቢል ግን 20 እንኳ አይሞላለትም። እጅ ይፈጥናል፣ ከሥራ ወደ ሥራ ሲዞሩ የሚባክነው ጊዜ ይቀራል፣ አንድ ነገር ላይ የሚውል ሰው ማቅለያ መሣሪያ ያስባል ብሎ ምክንያቶቹን አስከተለ።

2ኛው በጨዋ ቋንቋ አረመው። 18 ክፍል ሥራ በ10 ሰው ከተሠራ አንዳንዱ ከአንድ በላይ ይዟል ማለት ነው፤ ስሚዝም ራሱ በዚያ አነስተኛ ወርክሾፕ ጥቂቶቹ ሁለትና ሦስት ሥራ ይሠሩ እንደነበር ጽፏል። ምሳሌው ሲጠቀስ ሁልጊዜ የሚዘለለው ይህ ቦታ ነው። ከዚያ በላይ ደግሞ እዚያ ቤት ሥራውን የሚከፋፍልና የሚያገጣጥም ሌላ ሰው አለ፤ ብቻውን ወይም ከሁለት ሰው ጋር የሚሠራ በያጅ ግን ማገጣጠሙንም የሚሠራው ራሱ ነው። ስለዚህ ጥያቄው ሙያው ከሌላ ሙያ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ማን ያያል የሚል መሆን አለበት አለ። ይህን አባባል ያኔ ብዙ ሰው ልብ አላለውም፤ ከ7ኛው መልስ በኋላ ግን ሁሉም እየተመለሰ የሚጠቅሰው እሱን ሆነ።

ክሩ እውነተኛ ሥራ ውስጥ የገባው በ3ኛው መልስ ነው። ጸሐፊው አንድ የተለመደ ብልሽት አቀረበ፦ ማሽኑ በቅርብ ሶኬት ላይ ደህና ይበይዳል፤ ራቅ ወዳለ ቦታ ሲወሰድ ግን ኤሌክትሮዱ ይጣበቃል፣ እሳቱ ይቆራረጣል። ብየዳ ብቻ የሚያውቅ ሰው አምፔሩን ይጨምራል፤ ካልሆነ ኤሌክትሮዱ እርጥበት ገብቶታል ብሎ ይቀይራል፤ መጨረሻ ላይ ማሽኑን ይወቅሳል። ጸሐፊው ግን ሒሳቡን አስቀመጠ። 2.5 ስኩዌር ሚሊሜትር የሆነ የመዳብ ሽቦ በኪሎሜትር 7.4 ኦም ገደማ መቋቋም አለው። 50 ሜትር ማራዘሚያ ሲሄድና ሲመለስ 100 ሜትር ነው፤ 0.74 ኦም ይሆናል። ማሽኑ 20 አምፔር ሲስብ 15 ቮልት ያህል መንገድ ላይ ይቀራል። ሽቦው 1.5 ከሆነ ደግሞ የሚቀረው 24 ቮልት ነው። አምፔሩን መጨመር ኪሳራውን ያብሰዋል፤ ብዙ በተሳበ ቁጥር ብዙ ይወድቃልና። መፍትሔው ማሽኑን ሶኬቱ አጠገብ ትቶ ወፍራሙን የብየዳ ገመድ ማስረዘም፣ ወይም ማራዘሚያውን ማወፈር ነው። ኦም ሕግን ለማወቅ የሚፈጀው ጊዜ ደግሞ ለሦስት ሙያ ከተካፈለው ሰዓት ጋር የሚወዳደር እንዳልሆነ አስታወሰ። በመጨረሻም ማሽኑ ላይ 200 አምፔር በ35 በመቶ ተብሎ የተጻፈው ከ10 ደቂቃ ውስጥ 3 ደቂቃ ተኩል ብቻ ይበየድበታል ማለት እንደሆነ ጨመረ። ይህን የማያነብ ሰው ማሽኑ በሙቀት ሲቆም ተበላሽቷል ብሎ ይፈታዋል።

4ኛው በአንድ ዓረፍተ ነገር ተቃወመ፦ ይህ ሁለተኛ ሙያ አይደለም፣ ማንኛውም በያጅ ሊያውቀው የሚገባ የራሱ ሙያ ክፍል ነው። ተቃውሞው ትክክል ይመስላል፤ ግን ድንበሩ የት እንደሆነ አልተናገረም።

5ኛው ድንበሩን በመኪና አሳየ። ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው ትንሽ ሞተር) ቀስ ብሎ የሚዞር መኪና ሲመጣ ከብረቱ ጋር ብቻ የኖረ መካኒክ ሞተሪኖውን አውርዶ ይቀይራል፤ አዲሱም ቀስ ብሎ ይዞራል። ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ዝገት የያዘ የኔጋቲቭ ገመድ ነው። ምርመራው መልቲሜትሩን ዲሲ ቮልት ላይ አድርጎ አንዱን ጫፍ የባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፣ ሌላውን የሞተሩ ብረት ላይ ማድረግ ነው፤ ከ0.5 ቮልት በላይ ካሳየ ገመዱ ወይም ማሰሪያው ተጠያቂ ነው። ሞተሪኖ ማውረድ የሚፈጀውን ጊዜ የሁለት ደቂቃ ልኬት ይተካዋል አለ።

6ኛው ጸሐፊ ሳያከብድ አረመው፤ እርማቱ ከዋናው መልስ ይበልጣል ባይ ነኝ። አንደኛ፣ ልኬቱ ትርጉም የሚኖረው ሞተሪኖው እየዞረ ሳለ ነው፤ ጅረት በሌለበት ገመድ ውስጥ የሚወድቅ ቮልት የለም፣ ስለዚህ የበሰበሰ ገመድም ዜሮ ያሳያል። ሁለተኛ፣ የመልቲሜትሩ ጫፍ የባትሪው ምሰሶ እንብርት ላይ እንጂ ማሰሪያው ላይ መሆን የለበትም፤ ዝገቱ በምሰሶውና በማሰሪያው መካከል ከሆነ ማሰሪያውን የነካ ሰው ጥፋቱን ዘሎት ያልፋል። ሦስተኛ፣ ከሁሉ በፊት ባትሪው ይለካ፦ ሳይሠራ ቆይቶ 12.6 ቮልት ሙሉ ነው፣ 12.2 ግማሽ ገደማ ነው፤ ሞተሪኖው ሲዞር ከ9.6 በታች ከወረደ ስለ ገመዱ ከማውራት በፊት ባትሪው ይሞላ ወይም ይፈተሽ። አራተኛ፣ ሞተሩ እንዳይነሳ ነዳጁ ወይም እሳቱ ይቋረጥ፤ ሞተሪኖው በአንድ ጊዜ ከ10 ሰከንድ በላይ አይዙር። ይህ ሁሉ በፖዘቲቩም በኩል ከባትሪው እስከ ሞተሪኖው ትልቅ ቡሎን ድረስ ይደገማል። ግማሽ ዕውቀት ከምንም የሚሻለው እስከ የት ድረስ ነው የሚለው ክርክር ከዚህ ነው የጀመረው።

የክሩ ምርጥ ክፍል 7ኛው መልስ ነው። ርዕሱ የተበላ ዘንግ ነው፦ ኩሽኔታ የሚቀመጥበት 50 ሚሊሜትር ቦታ ተበልቷል፤ በብየዳ ተሞልቶ በቶርኖ ወደ ልኩ መመለስ አለበት። ሥራው በሁለት ሰው ሲሠራ የሚበላሽበትን መንገድ ደረጃ በደረጃ ዘረዘረ። በያጁ ብየዳውን አሳምሮ ይሠራል፤ ግን ዘንጉ 0.45 በመቶ ያህል ካርቦን ያለው ብረት መሆኑን ስላላሰበ ሳያሞቅ ይጀምራል። ቀዝቃዛው ብረት የብየዳውን ጠርዝ በፍጥነት ሲያበርደው ከመስመሩ ሥር ጠንካራና ተሰባሪ ንብርብር ይፈጠራል። የቶርኖ ባለሙያው እዚያ ሲደርስ መቁረጫው ይሸራረፋል፤ መቁረጫው መጥፎ ነው ብሎ ሌላ ያስገባል፣ ያም ይሸራረፋል። ዘንጉን አስቀድሞ ወደ 200 ዲግሪ ሴልሺየስ ማሞቅ፣ ሃይድሮጅኑ አነስተኛ የሆነ የደረቀ 7018 ኤሌክትሮድ መጠቀም፣ ሲያልቅም በደረቅ አመድ ወይም በሙቀት መከላከያ ጨርቅ ሸፍኖ በዝግታ ማብረድ ይህን ያስቀራል።

ሌላው ስህተት መጣመም ነው። በያጁ ከአንድ ጎን ጀምሮ ዙሪያውን ከሄደ ዘንጉ ወደዚያው ጎን ይጎብጣል። አንድ መስመር ከላይ፣ ቀጣዩ 180 ዲግሪ ዞሮ ከታች፣ ከዚያ 90፣ ከዚያ ትይዩው እየተባለ ከተበየደ መጎተቱ ይካካሳል። ቶርኖ የሚያውቅ በያጅ ደግሞ ምን ያህል ትርፍ መተው እንዳለበት ያውቃል፦ ከልኩ በላይ በዲያሜትር 3 ሚሊሜትር ገደማ። ካነሰ የብየዳው ሸለቆዎች ጠባሳ ሆነው ይቀራሉ፤ ከበዛ ደግሞ ሙቀቱም የቶርኖ ሰዓቱም ያለ ጥቅም ይጨምራል። የመጨረሻው ወጥመድ ሙቀት ነው። ብረት ለእያንዳንዱ ሜትርና ለእያንዳንዱ ዲግሪ 12 ማይክሮን ያህል ይለጠጣል። ዘንጉ ከክፍሉ በ60 ዲግሪ ሞቆ ሳለ 50 ሚሊሜትር ላይ ቢለካ፣ ሲበርድ 0.036 ሚሊሜትር ያንሳል። ለኩሽኔታ የተለመደው ኬ6 የሚባለው የዘንግ ልክ ደረጃ በዚህ ዲያሜትር ከ0.002 እስከ 0.018 ሚሊሜትር ትርፍ ይፈቅዳል፤ ስፋቱ 0.016 ብቻ ነው። ማይክሮሜትሩ እውነቱን ተናግሯል፣ ኩሽኔታው ግን ቦታው ላይ ይሽከረከራል። ጸሐፊው 2ኛውን መልስ ጠቅሶ፣ ብየዳውም ቶርኖውም ለየብቻ ሲታዩ ጥፋት የለባቸውም፤ የተበላሸው መገናኛቸው ነው አለ።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም እርስዎ እየተባባሉ ነበር። 8ኛው መልስ ያንን ሰበረው። ስለ ጥቅሙ ብቻ የምታወሩ ሰዎች የሰው ሕይወት ላይ ትጫወታላችሁ የሚል ይዘት አለው፤ ቃላቱ ከዚህም ይሻክራሉ። ማስረጃው ግን ጠንካራ ነው። ኤሌክትሪክ ነካ ነካ ያደረገ ሰው የኧርዝ ሽቦ የሌለው ሶኬት ሲያጋጥመው በሶኬቱ ውስጥ ኒውትራሉን (ጅረቱ የሚመለስበትን ሽቦ) እና ኧርዙን በአጭር ሽቦ ያገናኛል። መመርመሪያው ሁሉም ደህና ነው ይላል፣ ዕቃውም ይሠራል። አንድ ቀን ኒውትራሉ ከሶኬቱ በስተኋላ ሲላቀቅ ግን ጅረቱ በዕቃው ውስጥ አልፎ ወደ ብረት ሽፋኑ ይመጣል፤ ሽፋኑን የነካ ሰው ሙሉውን ቮልት ይይዛል። ሌላም ምሳሌ ሰጠ፦ ብየዳ በጥቂቱ የተማረ የቧንቧ ሠራተኛ ዚንክ የተለበጠውን ቧንቧ ሽፋኑን ሳይፍቅ ይበይዳል፤ ከሰዓታት በኋላ ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ትኩሳት ይይዘዋል። ቢያንስ ከመገጣጠሚያው በሁለቱም ወገን ጥቂት ሴንቲሜትር በግራይንደር ተፍቆ፣ ጭሱ ወደ ፊት እንዳይመጣ ተደርጎ ነው የሚበየደው።

9ኛው ሳይቆጣ መለሰለት፤ በእኔ ግምት ክሩን ያዳነው እሱ ነው። ሙያ መጨመር ማለት ሁሉንም እስከ መጨረሻው መሥራት አይደለም ብሎ ሦስት ደረጃ ለየ፦ ጥፋቱን ለይቶ ማወቅ፣ ባለሙያ ባለበት መሥራት፣ ብቻን መሥራት። በያጅ በኤሌክትሪክ ከመጀመሪያው ደረጃ ሳያልፍ የ3ኛውን መልስ ጥቅም በሙሉ ያገኛል። መለካትና ለይቶ ማወቅ በቂው ነው፤ ሽቦ መቀየሩን ፈቃድ ላለው ይተዋል። ለመጀመሪያው ደረጃም ቢሆን አንድ ግዴታ አስቀመጠ፦ መስመር መሞቱን ለማረጋገጥ መመርመሪያው መጀመሪያ ኃይል እንዳለው በሚታወቅ ቦታ ላይ ይሞከር፣ ከዚያ የጠፋው መስመር ይለካ፣ ከዚያ መመርመሪያው እንደገና ኃይል ባለበት ይሞከር። ሦስተኛውን እርምጃ የሚዘል ሰው መካከል ላይ የሞተ መመርመሪያ ይዞ መስመሩ ሞቷል ይላል። የ8ኛው ጸሐፊ ከዚህ በኋላ አልተመለሰም።

ከ10 እስከ 12 ያሉት ከርዕሱ ወጡ፤ ግን መዝለል ያሳዝናል። 10ኛው የ3ኛውን ማራዘሚያ አንስቶ፣ በመጠቅለያው ላይ እንደተጠቀለለ ከተሠራበት ጥቅልል ስለሚሆን ማግኔት ይፈጥራል፣ ቮልቱ የሚወድቀውም በዚህ ነው አለ። 11ኛው አይደለም አለ፦ በማራዘሚያው ውስጥ የሚሄደውና የሚመለሰው ሽቦ ጎን ለጎን ስለሆኑ ማግኔታቸው ይጠፋፋል፤ ችግሩ ሙቀት ነው። 0.74 ኦም በ20 አምፔር ወደ 300 ዋት ሙቀት ያወጣል፤ ተጠቅልሎ መውጫ ሲያጣ ላስቲኩ ይቀልጣል፣ ስለዚህ እስከ መጨረሻው ይተርተር። 12ኛው ሁለቱንም አስታረቀ፦ ለማራዘሚያው 11ኛው ልክ ነው፤ ከማሽኑ ወደ ኤሌክትሮድ መያዣው የሚሄደው ገመድ ግን ብቻውን ነው፣ በኤሲ ማሽን ላይ እሱን ጠቅልሎ በተለይ ብረት ላይ ማስቀመጥ እሳቱን በእርግጥ ያደክማል። እዚህ ላይ አወያዩ ወደ ርዕሱ እንዲመለሱ ጠየቀ።

13ኛው የ10,000 ሰዓት ነገር ይዞ መጣ፦ አንድ ሙያ ያን ያህል ከፈጀ ሁለተኛ የሚማረው በየትኛው ዕድሜ ነው? 14ኛው እርማቱን አዘጋጅቶ የጠበቀ ይመስላል። ቁጥሩ የመጣው ኤሪክሰንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1993 በርሊን ውስጥ ስለሚማሩ ቫዮሊን ተጫዋቾች ካሳተሙት ጥናት ነው፤ ምርጦቹ እስከ 20 ዓመታቸው ያጠራቀሙት አማካይ እንጂ የብቃት በር አይደለም። አማካይ ስለሆነ ከመካከላቸው በታች የነበሩ አሉ። ደግሞም የተለካው ከምርጦች ጋር የሚፎካከር የሙዚቃ ሰው እንጂ ገመድ የሚለካ በያጅ አይደለም።

15ኛው ግን ለክሩ ከፋች ድጋፍ የሚሆን ነገር አመጣ። ቼስና ሳይመን እ.ኤ.አ. በ1973 እንዳሳዩት የቼዝ ሊቅ ከእውነተኛ ጨዋታ የተወሰደን ሰሌዳ በጨረፍታ አይቶ ጠጠሮቹን በቦታቸው ይመልሳል፤ ጠጠሮቹ ያለ ሥርዓት ሲበተኑ ግን ከጀማሪ ብዙም አይለይም። ብቃቱ በዚያው ሜዳ የተከማቸ ነው፤ ወደ ሌላ ሜዳ ተሸክመውት አይሄዱም። 16ኛው ከዚህ በጣም የቆየውን የቶርንዳይክና ውድወርዝ የእ.ኤ.አ. 1901 ሥራ አስታወሰ፦ ከአንድ ትምህርት ወደ ሌላ የሚተላለፈው ሁለቱ በጋራ የያዙት ክፍል ነው። ስለዚህ ለሁለተኛ ሙያ ጎረቤት ይመረጥ አለ። ብየዳና ቶርኖ ልኬትን፣ ሥዕል ማንበብን፣ የብረት ባሕርይን ይጋራሉ፤ ብየዳና የሒሳብ መዝገብ አያያዝ የሚጋሩት እምብዛም ነው።

17ኛው ሺያና ሞርጋን እ.ኤ.አ. በ1979 ያደረጉትን ሙከራ አመጣ። ሦስት የእጅ እንቅስቃሴዎች፣ እያንዳንዳቸው 18 ጊዜ፤ አንዱ ቡድን አንዱን ጨርሶ ወደ ሌላው ይሄዳል፣ ሌላው ቡድን እያቀላቀለ ይሠራል። በልምምዱ ጊዜ የበለጡት ያልቀላቀሉት ናቸው፤ ከ10 ደቂቃና ከ10 ቀን በኋላ ሲፈተኑ ግን ያቀላቀሉት በለጡ። ስለዚህ ሰዓት ማካፈል ጉዳት ሳይሆን ጥቅም ነው ብሎ ደመደመ። የክሩ ከፋች እዚህ ላይ ብቅ ብሎ እርስዎን ወደ አንተ ለወጠው። ያነበብከውን አልተረዳህም፤ የተቀላቀሉት የአንድ ዓይነት ሥራ ሦስት መልኮች ናቸው፣ ከዚያ ተነስቶ ብየዳን ከኤሌክትሪክ ጋር ቀላቅሉ ማለት አይቻልም አለ። አነጋገሩ ሸካራ ቢሆንም ነጥቡ የእሱ ነው። ሙከራው የሚደግፈው ጠፍጣፋ፣ አግድም፣ ቁልቁልና ከራስ በላይ ብየዳን በአንድ የልምምድ ቀን እያፈራረቁ መሥራትን ነው፤ በያጅ ይህን ብቻ ቢወስድ እንኳ አትርፏል። ቁጥሩ 18 የሆነው ይህ የእሱ መልስ ነው።

19ኛው ክርክሩን ከሰው ወደ ሥራ ቦታ አዞረው። ታይቺ ኦኖ በቶዮታ የማሽን ክፍል ከእ.ኤ.አ. 1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ማሽኖቹን በትይዩና በማዕዘን አሰልፎ አንድ ሠራተኛ ሁለት፣ ከዚያም ሦስትና አራት እንዲይዝ አደረገ፤ የተለያየ ሥራ የሚሠሩ ማሽኖችን ማለት ነው። ሠራተኞቹ መጀመሪያ ላይ አልወደዱትም። አንድ ማሽን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ያለው ክፍል አንድ ያላት እንቅልፍ የላት ነው ብሎ ቀለደና የብቃት ሰንጠረዥ አሠራሩን ገለጸ፦ በጎን የሰዎች ዝርዝር፣ ከላይ ሥራዎች፣ በመገናኛው አራት ቦታ የተከፈለ ክብ። ሩብ ሲቀባ ጀምሯል፣ ግማሽ ሲቀባ በሰው ፊት ይሠራል፣ ሦስት ሩብ ሲሆን ብቻውን ይሠራል፣ ሲሞላ ያስተምራል። ሦስት ሩብ የደረሰ ሁለት ሰው የሌለው ዓምድ ሁሉ አደጋ ነው። የሚበላሸው ሰንጠረዡ ለአለቃ ማሳያ ተብሎ አንድ ጊዜ ተሞልቶ ሲሰቀል ነው፤ ቀን ያልተጻፈበት ክብ ምንም አይናገርም።

20ኛው እስካሁን ከወርክሾፕ አልወጣችሁም ብሎ የቢሮ ምሳሌ አቀረበ፤ ጥሩ አድርጎ። አንድ የዳታቤዝ ሠራተኛ የኢንቮይሶችን ሠንጠረዥ ከክፍያዎች ሠንጠረዥ ጋር በጆይን (የሁለት ሠንጠረዥ ረድፎችን በሚያጣምር ትእዛዝ) ያገናኛል። 1,000 የሆነ ኢንቮይስ በሦስት ጊዜ ከተከፈለ ሦስት ረድፍ ሆኖ ይወጣል፤ የኢንቮይሱ ዓምድ ሲደመር 3,000 ይላል። ሒሳብ የማያውቀው ሠራተኛ ድምሩ ትልቅ መሆኑ አይከነክነውም። ሒሳብ ብቻ የሚያውቀው ደግሞ ቁጥሩ ልክ እንዳልሆነ ያያል፣ ግን ለምን እንደሆነ መናገር ስለማይችል በእጁ ያስተካክለዋል፤ በሚቀጥለው ወር ይደገማል። ሁለቱን የሚያውቅ ሰው ክፍያዎቹን በኢንቮይስ ቁጥር አስቀድሞ ይደምርና ከዚያ ያገናኛል፤ ከጆይኑ በፊትና በኋላ የረድፎቹን ብዛትም ያወዳድራል። 21ኛው ባጭሩ፣ ገንዘብን በፍሎት (ክፍልፋይን በግምት በሚይዝ የቁጥር) ዓይነት የሚያስቀምጥ ፕሮግራመርም በዚሁ ዝርዝር ይግባ አለ፤ 0.1 እና 0.2 ሲደመሩ ልክ 0.3 አይመጣምና በዴሲማል ዓይነት ወይም በትንሹ አሃድ ሙሉ ቁጥር ይቀመጥ።

22ኛው ማንም ያላነሳውን ወጪ አነሳ፦ ሁለተኛውን ሙያ መያዝ ሳይሆን ማቆየት። ልብ ለቆመበት ሰው የሚደረገው የደረት ግፊትና የትንፋሽ ርዳታ ከሥልጠናው በኋላ ካልተለማመዱት ከሦስት እስከ ስድስት ወር ውስጥ በግልጽ ይደክማል። ቅደም ተከተል ያላቸው ሥራዎች እንደ ብስክሌት መንዳት ካሉ ተከታታይ እንቅስቃሴዎች ፈጥነው ይረሳሉ። ስለዚህ በዓመት አንዴ የሚያስፈልግ ሙያ በቃል ከሚያዝ በወረቀት ቢያዝ ይሻላል፦ እርምጃዎቹ፣ ልኮቹ፣ የሚታወቅ ብልሽትና ምክንያቱ በአንድ ገጽ፣ ከመሣሪያው ጋር ተለጥፎ። እንደኔ ለክሩ ከፋች የሰዓት ሒሳብ ተገቢው መልስ ይኸኛው ነው፤ ሰዓቱ የሚያልቀው በመማር ብቻ አይደለምና።

23ኛው ራሱ የክሩ ከፋች ነው። ወደ እርስዎ ተመልሶ ጥያቄውን አጠበበ፦ ለበያጅ ኤሌክትሪኩ እስከ መለየት ድረስ ይሁን፤ ከዚያ ሌላ አንድ ብቻ የሚጨመር ከሆነ የትኛው ይቅደም?

24ኛው ሥዕል ማንበብ አለ፣ ምክንያቱንም በቁጥር አስደገፈ። በማዕዘን ብየዳ ምልክት ላይ ከቁጥሩ በፊት ኤ ከተጻፈ የብየዳው ጉሮሮ ውፍረት (ከሥሩ ማዕዘን እስከ ፊቱ ያለው አጭሩ ርቀት) ነው፣ ዜድ ከተጻፈ የእግሩ ርዝመት (ብየዳው በአንዱ ብረት ላይ የሚያርፍበት ጎን) ነው። እግሮቹ እኩል ሲሆኑ ጉሮሮው የእግሩ 0.7 እጥፍ ነው። ኤ6 ተብሎ የተሣለውን በያጁ እግር 6 አድርጎ ከሠራው ጉሮሮው 4.2 ሚሊሜትር ብቻ ይሆናል፤ 30 በመቶ ይጎድላል። በተቃራኒው ዜድ6ን ጉሮሮ ነው ብሎ ካነበበ እግሩን 8.5 ያደርሰዋል፤ የሚሞላው ብረት እጥፍ ይሆናል፣ ሳህኑም ይጣመማል። ወጪውንም እንዲህ አሰላ፦ እግር 6 ሲሆን የሦስት ማዕዘኑ ስፋት 18 ስኩዌር ሚሊሜትር ነው፤ በሜትር 18 ኪዩቢክ ሴንቲሜትር፣ በ7.85 ሲባዛ 141 ግራም። ከተሸፈነ ኤሌክትሮድ ክብደት ብየዳ ላይ የሚቀረው 60 በመቶ ገደማ ነው፤ ቀሪው ሽፋን፣ ፍንጣሪና ተጥሎ የሚቀር ቁራጭ ነው። ስለዚህ ለአንድ ሜትር 235 ግራም ያህል ኤሌክትሮድ ይያዛል። እግሩ 8.5 ሲሆን ግን ከ470 ያልፋል። ሥዕሉን ያላነበበ ሰው ዋጋ ቢሰጥ የሚከስረው እዚህ ነው።

25ኛው በ24ኛው ላይ አንድ ነገር ብቻ ጨመረ። ሒሳቡ ሁለቱ ብረቶች ተጋጥመው እንደተቀመጡ ይገምታል፤ በመካከላቸው 2 ሚሊሜትር ክፍተት ካለ ያው ጉሮሮ እንዲገኝ እግሩ በክፍተቱ ልክ ያድጋል፣ 6 የነበረው 8 ይሆናል። ስፋቱ ከ18 ወደ 32 ይወጣል፤ በሜትር የሚሞላው ብረት ከ141 ወደ 251 ግራም። ስለዚህ ግምት የሚሰጥ ሰው ከሥዕሉ ሌላ የአቆራረጡን ጥራት ማየት፣ ክፍተቱን በፊለር ጌጅ ጫፍ፣ መካከልና ጫፍ መለካት አለበት። የክሩ ከፋች ከሥሩ የቪ ቅርጽ ላለው መጋጠሚያ ሒሳቡ እንዴት እንደሚለወጥ ጠይቋል፤ ያንን የመለሰለት ገና የለም።